ከድሉ በፊት የተሰጠ አምበልነት



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል የሚያልፍ ሰው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ማየቱ አይቀርም። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፤ አምበሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኳሱ ባለቤት ነው። ጨዋታው እስካለ ድረስ ሁሉም ወንድማማች ነው። ጠብ ሲነሣ ግን ከልጆቹ አፍ የሚወጣው ቃል ቆም ያደርጋል። «አንተ ደግሞ የየት ነህ?» «የማን ልጅ እንደሆንክ እናውቃለን!» ልጆች ይህን ቃል ሜዳ ላይ አልተማሩትም። ከቤት፣ ከእኛ ነው የሰሙት።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአንድ የኳስ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ታሪኩ የሆነበት ቦታ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ከልደታ ባቡር የተሳፈረ ሰው ተግባረ እድን፣ ሜክሲኮንና ለገሃርን አልፎ ስታዲየም ይወርዳል። በዚያ ስታዲየም፣ ከ60 ዓመት በላይ በፊት፣ «የየት ነህ?» የተባለ ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ በእጁ ከፍ አድርጎ ነበር። ስሙ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል።

የሁለት አገር ልጅ

ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። የተወለደበት ጊዜ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር በኤርትራ የሚሰናዳበት ወቅት ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ፋሺስቶቹ ከአፍሪካውያን እናቶች የሚወለዱ ልጆችን እንደ እፍረት ይቆጥሩ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከሉ፤ የጣሰ ይታሰር ነበር። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ብሰው፣ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል በሕግ አገዱ። እስቲ አስቡት፤ አባት ልጁን ልጄ እንዳይል የሚያዝ ሕግ! በሕጉ መሠረት ልጁ ከአባቱ ወገን ምንም የለውም።

ከእናት ወገንስ? እዚያም ቢሆን ቀላል አልነበረም። የወራሪው ልጅ፣ ክልስ፣ ዲቃላ የሚለው ስድብ በየመንደሩ ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ከሄደ በኋላም እነዚህ ልጆች ቀሩ። በጦርነቱ ያልነበራቸውን እጅ በመልካቸው ምክንያት ይጠየቁበት ጀመር። ሉቺያኖ ያደገው በዚህ መካከል ነው፤ ለጣሊያኖቹ አፍሪካዊ፣ ለአፍሪካውያኑ ጣሊያን ሆኖ።

የተሰጠው መውጫ ኳስ ነበር። በአስመራ ሜዳዎች ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ መጣ፤ ለድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ተጫወተ፤ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ፤ በመጨረሻም የኢትዮጵያ አምበል ሆነ። ወንድሙ ኢታሎም ከጎኑ ተሰለፈ።

ሳይጫወቱ የተገኘ ፍጻሜ

ወደ ዋንጫው ከመድረሳችን በፊት አምስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለና።

በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሊደረግ ታቀደ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሠረቱት አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ዕጣው ኢትዮጵያንና ደቡብ አፍሪካን በግማሽ ፍጻሜ አገናኘ። ነገር ግን የአፓርታይዱ መንግሥት ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ የሚጫወትበትን ቡድን አልክም አለ፤ ወይ ሁሉም ነጭ፣ ወይ ሁሉም ጥቁር ይሁን እንጂ አንድ ማሊያ አይለብሱም አለ። ሌሎቹ መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ግማሽ ፍጻሜውን ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

በዚያ አቋም ውስጥ ከነበሩት አንዱ የእኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት የመሩ፣ አፓርታይድን በስፖርቱ ዓለም ፊት ለፊት የታገሉ ሰው ናቸው።

ሰውን በደሙ መለየትን በሌላው አገር ላይ መቃወም መልካም ነው። ፈተናው የሚመጣው ጉዳዩ ወደ ገዛ ቤታችን ሲገባ ነው። ለኢትዮጵያም ያ ፈተና መምጣቱ አልቀረም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጀ። የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን ገጠመች፤ 2 ለ 0 ከተመራች በኋላ ተነሥታ 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው የጠበቀቻት በ1949ም ሆነ በ1951 ዓ.ም. 4 ለ 0 የረታቻት፣ ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት፤ በዚያ ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር።

እዚህ ላይ ከዚያ ዘመን ሰዎች ሲወርድ የመጣ አንድ ትረካ አለ። ከፍጻሜው በፊት አንዳንድ ሰዎች አምበሉ ይቀየር ብለው ነበር ይባላል። ብናሸንፍ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነው፤ የጣሊያን ደም ያለበት ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ኢትዮጵያን ወክሎ እንዴት ይቆማል? የሚል ነበር ምክንያታቸው። አቶ ይድነቃቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። አምበሉ ሉቺያኖ ነው፤ ሉቺያኖ ሆኖ ይገባል።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ጥምቀት ከተከበረ ሁለት ቀን ሆኖታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ሕዝቡ ሞልቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ግብፅ በባደዊ ግብ ቀደመች። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ወዲያው፣ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ፣ ያው ባደዊ ሁለተኛ አገባ። ኢትዮጵያ እንደገና ተነሥታ 2 ለ 2 አደረገች፤ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አመራ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አደረጋት። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ሲጨምር ነገሩ አለቀ። 4 ለ 2።

ከዚያም ያ ሊሆን አይገባም የተባለው ነገር ሆነ። የ26 ዓመቱ ሉቺያኖ ቫሳሎ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቀርቦ ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀበለ። የወራሪ ልጅ የተባለው ሰው፣ ወራሪን ተዋግተው ከስደት በተመለሱት ንጉሥ ፊት የኢትዮጵያ ሁሉ ወኪል ሆኖ ቆመ። ያ ዋንጫ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የማዕዘን ራስ እንደሚሆን መዝሙረኛው በመዝሙር 118 ዘምሯል። ቃሉ የተነገረው ስለ ጌታችን ነው፤ ለሌላ ልንሰጠው አንደፍርም። ነገር ግን የእግዚአብሔር መንገድ ጥላ በተናቁ ሰዎች ሁሉ ታሪክ ላይ ያርፋል ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

ገለዓዳዊው ዮፍታሔ

መጽሐፍ ቅዱስም እንደዚህ ያለ ሰው ያውቃል። መሳፍንት 11ን ክፈቱ። ዮፍታሔ ጽኑ ኃያል ሰው ነበር፤ እናቱ ግን ጋለሞታ ነበረች። የአባቱ ልጆች ሲያድጉ፣ አንተ የሌላ ሴት ልጅ ስለሆንክ በአባታችን ቤት ርስት የለህም ብለው አባረሩት። ወደ ጦብ ምድር ሸሸ። ዘመን አልፎ አሞናውያን በእስራኤል ላይ ሲነሡ የገለዓድ ሽማግሌዎች የት ሄዱ? ወደዚያው ወደተባረረው ሰው። ና፣ አለቃችን ሁን አሉት።

ዮፍታሔ የመለሰላቸው ልብ ይነካል። የጠላችሁኝ፣ ያሳደዳችሁኝ እናንተ አይደላችሁምን? ዛሬ ሲጨንቃችሁ ስለ ምን መጣችሁ? አላቸው። ከዚያም ተዋዋለ፤ ብዋጋና እግዚአብሔር ድል ቢሰጠኝ በእውነት አለቃችሁ እሆናለሁ? ብሎ አስማላቸው። የተባረረ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃውም፤ ዋስትና ይፈልጋል። ተቀባይነቱ በድሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ከዚያ የሚቀጥለው ነው። የእግዚአብሔር መንፈስ በዮፍታሔ ላይ መጣ፤ ይህ ይበቃ ነበር። እርሱ ግን ከእግዚአብሔርም ጋር እንደ ሽማግሌዎቹ ተዋዋለ፤ ድል ብትሰጠኝ ይህን እሰጥሃለሁ ብሎ ተሳለ፤ ስእለቱም የገዛ ልጁን አስከፈለው። ለምን እንዲህ አደረገ? እንደሚመስለን፣ በሕይወቱ ሙሉ ያለ ዋጋ የተቀበለው ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔርም ያለ ዋጋ ይቀበለኛል ብሎ ማመን አቃተው።

ወገኖች፣ በመካከላችን ስንት ዮፍታሔ አለ? ካልጾምኩ፣ ካላገለገልኩ፣ ካልተሳካልኝ እግዚአብሔር አይወደኝም ብሎ የሚኖር ስንት ነው? ያንን አስተሳሰብ የሰጠው እግዚአብሔር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰጡት ሰዎች ናቸው፤ ሲያሸንፍ ብቻ የተቀበሉት፣ ሲወድቅ ዞር ያሉበት ሰዎች።

ጭብጨባው ካለፈ በኋላ

የሉቺያኖም ታሪክ በዋንጫው አላበቃም። ከ1954ቱ ድል በኋላ ለዓመታት የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ተጫወተ። ሥርዓቱ ሲለወጥ ግን ጊዜውም ተለወጠ። ደርግ መጣ፤ ቀይ ሽብር መጣ። በየከተማው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተቆለፉበት፣ አባቶቻችን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጸለዩበት ያ ዘመን ነው። ሉቺያኖም በ1970 ዓ.ም. ገደማ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በጅቡቲ በኩል አድርጎ ጣሊያን ገባ። ኢትዮጵያን ወክሎ ዋንጫ የተቀበለው አምበል የስደተኛ ኑሮ ጀመረ።

ቀሪ ዘመኑን ያሳለፈው የአባቱ አገር በሆነችው፣ በልጅነቱ ግን በሕጓ ልጄ ባላለችው ጣሊያን ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮም ውስጥ ዐረፈ። ከዋንጫው ቀን እስከ ዕረፍቱ 60 ዓመት አለፈ። ስሙን የሚያነሣው የስፖርት ወዳጅ እንጂ በስታዲየሙ አጠገብ በየቀኑ የሚያልፈው ሕዝብ አብዛኛው አያውቀውም።

የሰው ጭብጨባ ይኸው ነው። የሚያጨበጭብልን ሕዝብ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጭብጨባ ከድል ጋር ስለሚመጣ ከድል ጋር ይሄዳል። በውጤት የተገኘ ቦታ በውጤት ይጠፋል። ሥራ ያላት እህት ሥራዋን ስታጣ፣ ድምፁ የሚያምር ዘማሪ ጉሮሮውን ሲታመም፣ አሥራት በብዛት የሚሰጥ ነጋዴ ሲከስር ማን እንደቆየላቸው ጠይቋቸው።

በዮርዳኖስ የተሰማው ድምፅ

የዋንጫው ቀን ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛው ቀን ነበር ብለናል። ስለዚህ ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ እንሂድ።

ጌታ ኢየሱስ ሊጠመቅ ሲመጣ ገና ምን አድርጎ ነበር? አንድ ድውይ አልፈወሰም። አንድ ስብከት በአደባባይ አልሰበከም። ሰይጣንን በምድረ በዳ ገና አልገጠመም። ከናዝሬት የመጣ፣ ከናዝሬት ምን መልካም ነገር ይወጣል የሚባልበት አናጢ ነበር። በኋላም በዮሐንስ 8 ተቃዋሚዎቹ እኛ ከዝሙት አልተወለድንም ብለው ሲመልሱለት ብዙ መምህራን የጌታን ልደት መንካታቸው ነው ይላሉ። ጌታችን የማን ልጅ ነህ የሚለውን ስድብ ያውቀዋል።

ታዲያ ሥራው ገና ሳይጀመር ሰማይ ተከፈተ፤ አብም የምወደው ልጄ ነው፣ በእርሱ ደስ ይለኛል ሲል መሰከረ። ማቴዎስ 3ን አንብቡ። ድሉ በኋላ መጣ፤ ልጅነቱ ግን አስቀድሞ ታወጀ። ፈተናውም፣ መስቀሉም፣ ትንሣኤውም ከዚህ ቃል በኋላ ናቸው።

የወንጌሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 5 ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን እንደሆነ ይነግረናል፤ ከተስተካከልን በኋላ አይደለም፣ ካሸነፍን በኋላ አይደለም። በኤፌሶን 1 ደግሞ ዓለም ሳይፈጠር በክርስቶስ እንደተመረጥንና በውድ ልጁ ጸጋን እንዳገኘን ይጽፋል። ዮሐንስም የተቀበሉት ሁሉ የእግዚአብሔር ልጆች የመሆን ሥልጣን እንደተሰጣቸው፣ ይህም ልደት ከደም ወይም ከሥጋ ፈቃድ እንዳልሆነ ይመሰክራል። በፋሺስቱ ሕግ አባት ልጁን ልጄ ማለት ተከልክሎ ነበር። የሰማዩ አባት ግን ባዕድ የነበርነውን ልጆቼ ሊለን የገዛ ልጁን ሰጠ።

ይህን ጽሑፍ እየፈለግህ፣ እየጠየቅህ የምታነብ ወዳጃችን፣ ለአንተም ለአንቺም ነው። አባትህ ያልተቀበለህ፣ ዘመድ «ዲቃላ» ያለሽ፣ ያለ ማዕረግ የቀራችሁ ብትሆኑ፣ እግዚአብሔር ውጤታችሁን አይቶ ሊወስን እየጠበቀ አይደለም። ክርስቶስ ዋጋውን ከፍሏል። በእምነት ወደ እርሱ ኑ፤ ልጆች ትባላላችሁ።

እኛስ ማንን እናሰልፋለን?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልደታ የተቀላቀለ ሰፈር ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ቤተ ሰቦች በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች ሆኑ። ጉባኤያችንም እንደዚያው ነው። አባቱ ከአንድ ብሔር እናቱ ከሌላ የሆነ ወጣት አጠገባችን ተቀምጦ ያመልካል። በአገራችን በሆነው ጦርነትና መፈናቀል ምክንያት፣ ስሙን ሲጠሩት ከወዴት እንደሆነ እንዳይታወቅበት የሚሰጋ ወንድም አለን።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን ተቃውማ በ1954 ዓ.ም. የራሷ ፈተና እንደገጠማት፣ እኛም በመድረክ ላይ ዘረኝነትን አውግዘን በቤታችን እንፈተናለን። ልጃችን ልታገባ ስትነሣ ስለ ሰውየው አስቀድመን የምንጠይቀው ምንድን ነው? እምነቱን ነው ወይስ ብሔሩን? ሽማግሌ ስንመርጥ፣ የመዘምራን መሪ ስንሾም፣ የታመመ ስንጠይቅ፣ የማን ወገን እንደሆነ በልባችን አንቆጥርም?

ደግሞ እኛ ይህን ልንረሳ የማይገባን ሕዝብ ነን። በዚህች አገር «ጴንጤ» ተብለን የተሰደብን፣ «መጤ» ተብለን ከዕድርና ከቀብር ቦታ የተከለከልን፣ ከቤተ ሰብ የተባረርን ብዙዎች ነን። የመባረርን ሕመም የሚያውቅ ሕዝብ ሌላውን ለማባረር እጁ እንዴት ይነሣል? ክርስቶስ ሰላማችን ነው፤ የጥልን ግድግዳ አፍርሶ ሁለቱን አንድ እንዳደረገ ኤፌሶን 2 ያስተምረናል። እርሱ ያፈረሰውን ግድግዳ መልሰን አንሥራ።

ከአቶ ይድነቃቸው አቋም አንድ ነገር እንማር። ሉቺያኖ አምበልነቱን የተከላከሉለት ከፍጻሜው በፊት ነው፤ ግቡ ሳይገባ፣ ዋንጫው ሳይመጣ፣ ጨዋታው በሽንፈት ሊያልቅ በሚችልበት ሰዓት። ካሸነፉ በኋላ «የእኛ ነው» ለማለት ማንም አይቸገርም። ፍቅር የሚታወቀው ከድሉ በፊት ነው። በዚህ ሳምንት በጉባኤያችን ዳር ላይ የሚቀመጥ፣ ገና ምንም ያላመጣልን፣ ምናልባትም ምንም የማያመጣልን አንድ ሰው አለ። ቡና እንጥራው። ስሙን እንወቅ። በማዕዳችን እናስቀምጠው። በሜዳው ላይ «የየት ነህ?» የሚለውን ልጅም ጠርተን ይህን ታሪክ እንንገረው።

እንጸልይ

አባታችን ሆይ፣ ምንም ሳናመጣ በልጅህ ስለተቀበልከን እናመሰግንሃለን። ወንድማችንን በደሙና በስሙ መዝነን ያራቅንበትን ኃጢአት ይቅር በለን። እንደ ዮፍታሔ ከአንተ ጋር የምንዋዋል፣ ፍቅርህን በሥራችን ልንገዛ የምንደክም ልጆችህን አሳርፈን። የተባረሩትን ወደ ቤትህ ሰብስብ፤ እኛንም በር የምንከፍት አድርገን። ልደታን፣ አዲስ አበባንና አገራችንን በሰላምህ ጎብኝ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ለቤተ ሰብና ለቡድን ጥናት፦ መሳፍንት 11፥1-11ንና ማቴዎስ 3፥13-17ን አብራችሁ አንብቡ። ዮፍታሔ ተቀባይነት ያገኘው መቼ ነው? የጌታ ኢየሱስ ልጅነት የታወጀውስ መቼ ነው? እኛ ሰውን የምንቀበለው እንደ ገለዓድ ሽማግሌዎች ነው ወይስ እንደ ሰማዩ አባት?